ሥራዋን በለቀቀች ቀን ሕገወጥ የምትሆነው ሠራተኛ

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት አስተናጋጅ ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ ሳይከፈላት ቀርቶ ሽርጧን አውልቃ ብትወጣ፣ የሚያሰጋት ትልቁ ነገር ሥራ አጥነት ነው። ቤይሩት ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ያንኑ ብታደርግ ግን ሥራ አጥ ብቻ ሆና አትቀርም። የአሠሪዋን ደጃፍ እንደተሻገረች የመኖሪያ ፈቃዷ ዋጋ ያጣል። አሠሪዋ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ «ጠፍታብኛለች» ካለች፣ ብዙ ጊዜ እንደሚደረገውም «ሰርቃኛለች» ብላ ካከለችበት፣ የምትታደነው ደመወዝ የከለከለችው ሴት ሳትሆን የተከለከለችው ናት።

ስለ ዓረብ አገር የቤት ሠራተኞች ስናወራ ወሬያችን ቶሎ ወደ ሰው ጭካኔ ይሄዳል፤ ክፉ ማዳም፣ አረመኔ ሚስተር፣ ከሃዲ ደላላ። እነዚህ ሁሉ አሉ፤ የደረሰባቸው ሴቶች የሚናገሩትን ማስተባበል አይቻልም። እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ደግ አሠሪ የገጠማት ልጅ ሁኔታ ነው። ፓስፖርቷን የሚሰጧት፣ እሑድ የሚያስወጧት፣ ደመወዟን በወሩ የሚከፍሏት ፈቅደው እንጂ ተገደው አይደለም። ነገ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ የምትይዘው ነገር የላትም። ሕግ አንድን ሰው ለሌላ ሰው አሳልፎ ከሰጠ በኋላ ቀሪው ዕድል ነው።

ሥርዓቱ ከፋላ ይባላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በዮርዳኖስና በሊባኖስ በተለያየ መልክ ይሠራበታል። የውጭ አገር ሠራተኛ ወደ አገሩ የምትገባው፣ የምትኖረውና የምትሠራው በአንድ ስፖንሰር፣ ማለትም በከፊሏ ስም ነው። ወደ ሌላ አሠሪ መዛወር የምትችለው የመጀመሪያው ሲለቃት ነው። በዚህ ላይ የቤት ሠራተኛ የምታድረው እዚያው የምትሠራበት ቤት ስለሆነ፣ ሥራዋም፣ መኝታዋም፣ ምግቧም፣ በአገሩ የመቆየት መብቷም ተጠቅልሎ በአንድ ሰው እጅ ይገባል። ከሥራ መባረር ከቤት መባረር ነው፤ ከቤት መውጣት ደግሞ ከሕግ መውጣት።

እዚህ በሊባኖስ ላይ የማተኩረው በሁለት ምክንያት ነው። የሥርዓቱ አሠራር እዚያ ፊት ለፊት ይታያል፤ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በግልጽ ተደራጅተው የታገሉትም እዚያ ነው። (ካልገለጽኩ በቀር ወራቱንና ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር ውስጥ ያሉት ዓመታት ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የሊባኖስ የሥራ ሕግ የወጣው በ1946 ሲሆን ሰባተኛው አንቀጽ በግል መኖሪያ ቤት የሚያገለግሉ ሠራተኞችን ከሕጉ ጥበቃ ውጭ ያደርጋል። የሥራ ሰዓት ገደብ፣ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ የሳምንት ዕረፍት፣ የስንብት ካሳ፣ ሁሉም ለፋብሪካ ሠራተኛና ለባንክ ጸሐፊ ሲሠሩ ለእሷ አይሠሩም። ሕጉ በወጣበት ዘመን በቤይሩት ቤቶች የሚያገለግሉት የገጠር ሊባኖሳውያንና የጎረቤት አገር ልጃገረዶች ነበሩ። በ1975 የተጀመረው የእርስ በርስ ጦርነት ያንን ሥርዓት አናጋው፤ በጦርነቱ ዘመንና ከዚያም ወዲህ የስሪላንካና የፊሊፒንስ፣ ቀጥሎም የኢትዮጵያ ሴቶች ቦታውን ያዙት። የ2019ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ ሊጀምር ሲል በአገሪቱ ሩብ ሚሊዮን ያህል የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች እንደነበሩ ይገመታል፤ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የሰባተኛው አንቀጽ ቃል ግን አልተነካም።

በር ለምን ይቆለፋል?

አንድ ቤተሰብ ሠራተኛ ከውጭ ለማስመጣት ለቤይሩቱ ኤጀንሲ፣ ልጆቻችን መክተብ ለሚሉት፣ በሺህ የሚቆጠር ዶላር በአንድ ጊዜ ይከፍላል። በገንዘቡ ውስጥ የአውሮፕላን ትኬት፣ የፈቃድ ክፍያ፣ የኤጀንሲው ትርፍና አዲስ አበባ ላለው አጋሩ የሚደርሰው ድርሻ አለ። ለኢትዮጵያዊት ሠራተኛ ሲከፈል የቆየው ወርሃዊ ደመወዝ 150 ወይም 200 ዶላር ስለሆነ፣ አስቀድሞ የተከፈለው ገንዘብ ከዓመት ደመወዟ ሊበልጥ ይችላል። ኤጀንሲዎቹ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ልጅቷ ብትታመም፣ ባትስማማ ወይም ብትጠፋ በሌላ ይተካሉ። የዋስትናው ጊዜ ካለፈ በኋላ ብትወጣ ግን ኪሳራው የቤተሰቡ ነው።

ማዳም በር የምትቆልፈው፣ ስልክ የምትቀማው፣ ፓስፖርቱን መሳቢያ ውስጥ የምታኖረው ከዚህ ስሌት ተነሥታ ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2019 ካነጋገራቸው 32 የቤት ሠራተኞች መካከል 27ቱ ፓስፖርታቸው በአሠሪ መወሰዱን ተናግረዋል። እነዚህን ቤተሰቦች ሁሉ ክፉ ሰዎች ናቸው ብሎ መደምደም ይቀላል። እውነቱ ይበልጥ ያስደነግጣል፤ ብዙዎቹ በራሳቸው ዓይን ንብረታቸውን እየጠበቁ ነው። የከፈሉት ለአገልግሎት ቢሆንም ልጅቷን ራሷን እንደገዙ ይሰማቸዋል፤ ሥርዓቱም «ተሳስታችኋል» አይላቸውም።

በሚያዝያ 2020 አንድ ሰው ናይጄሪያዊት ሠራተኛውን ከነፓስፖርቷ ፎቶ አንሥቶ፣ የ1000 ዶላር ዋጋ ለጥፎ፣ ዕቃ በሚሸጥበት የፌስቡክ ገጽ ላይ አወጣት። አገር ተቆጣ፤ ሰውየውም ታሰረ። መታሰሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ኤጀንሲዎች በየቢሯቸው የሴቶችን ፎቶ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖትና ዜግነት ደርድረው ደንበኛ ሲያስመርጡ የኖሩት በፈቃድ ነው። የሰውየው ጥፋት በአደባባይ ማድረጉ ብቻ ይመስል፣ የተቆጣው አገር በማግስቱ ወደዚያው ቢሮ ተመለሰ።

ደመወዙም የሚተመነው በሥራው ሳይሆን በዜግነት ነው። የፊሊፒንስ መንግሥት በ2006 ዜጎቹ ከ400 ዶላር በታች በቤት ሠራተኝነት እንዳይቀጠሩ ወሰነ፤ ገበያውም ይህንን ተቀበለ። አንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በተመሳሳይ ፎቅ፣ ያንኑ ወለል የምታጥብና ያንኑ ሕፃን የምታሳድግ ኢትዮጵያዊት የዚያን ግማሽ የማታገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የልምድና የቋንቋ ልዩነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አላምንበትም። ልዩነቱ ከጀርባ የቆመ መንግሥት አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።

ውሉም ሌላ ጉድ ነው። አዲስ አበባ ላይ የፈረመችው ወረቀት አንድ ነገር ይላል፤ ቤይሩት ስትደርስ የምትፈርመው በዓረብኛ የተጻፈ ሌላ ነው። የሊባኖስ መንግሥት በ2009 ወጥ የሆነ የቤት ሠራተኛ ውል አዘጋጅቶ ነበር፤ በእሱም ቢሆን ከአሠሪዋ በገዛ ፈቃዷ መውጣት የምትችልባቸው ምክንያቶች ጥቂት ነበሩ፤ ተደብድቤአለሁ ብትል እንኳ ማስረጃ ማቅረብ የእሷ ዕዳ ነበር። ከቤት መውጣት የተከለከለች፣ ስልክ የሌላትና ቋንቋውን የማታውቅ ልጅ ከየት አምጥታ?

የዚህ ሁሉ ውጤት በአስከሬን ተቆጥሯል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2008 ባወጣው መግለጫ ከጥር 2007 ጀምሮ ባሉት ወራት ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ሊባኖስ ውስጥ መሞታቸውን መዝግቧል። 40ዎቹን ኤምባሲዎች ራስን ማጥፋት ብለው መዝግበዋቸዋል፤ 24ቱ ከፎቅ ወድቀው የሞቱ ናቸው፤ ብዙዎቹም ለማምለጥ ሲሞክሩ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2017፣ ጋዜጠኞች የሊባኖስን የደኅንነት መሥሪያ ቤት መዝገብ አይተው በአማካይ በሳምንት ሁለት ሠራተኞች እንደሚሞቱ ዘገቡ። በዚያው ዓመት ኩዌት ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት ከሰባተኛ ፎቅ መስኮት ተንጠልጥላ ስትጮህ አሠሪዋ በስልኳ ትቀርጻት ነበር። ልጅቷ ወድቃ ተረፈች፤ አሠሪዋም በኋላ ተፈረደባት። ያ ፍርድ ሊገኝ የቻለው ግን አሠሪዋ ራሷ ማስረጃውን ስለቀረጸችው ነው።

በ2012 መጀመሪያ የሆነውን ደግሞ ቤይሩት የነበረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያስታውሰዋል። አንዲት የሁለት ልጆች እናት በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እየተደበደበች፣ እየተጎተተች ወደ መኪና ስትገባ በቪዲዮ ተቀረጸች፤ ምስሉም በሊባኖስ ቴሌቪዥን ተላለፈ። ከተወሰደችበት የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል በሕይወት አልወጣችም። ልትሸሸግበት የሚገባት በር ላይ፣ የገዛ ባንዲራዋ ሥር ነበረች።

እገዳው ማንን አገደ?

የኢትዮጵያ መንግሥት ለዚህ የሰጠው መልስ ለረጅም ጊዜ አንድ ነበር፤ መከልከል። በ2008 ወደ ሊባኖስ ለሥራ መሄድ ታገደ። በጥቅምት 2013 ደግሞ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ለቤት ሠራተኝነት የሚደረግ ጉዞ በሙሉ ቆመ። ወዲያው፣ በኅዳር፣ ሳውዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ቦሌ ተጓጓዙ። በባዶ እግራቸው የወረዱ ነበሩ። እገዳው እስከ 2018 ቆየ።

የእገዳውን ዓላማ አልነቅፍም፤ ሬሳ በየሳምንቱ ሲመጣ አንድ መንግሥት ዝም ሊል አይችልም። ነገር ግን በእገዳው ዓመታት ቤይሩት ያሉ ኢትዮጵያውያን ቁጥር አልቀነሰም፤ ጨመረ። ሊባኖስ ቪዛ መስጠቷን አላቆመችም፤ ደላላም ሥራውን አላቆመም። የተለወጠው መንገዱ ነው። በመተማ በኩል ወደ ካርቱም፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ቤይሩት፤ ወይም በጅቡቲዋ የወደብ ከተማ በኦቦክ በኩል በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም በእግር ወደ ሳውዲ ድንበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ስትሄድ ስላልመዘገባት ስትጠፋም አያውቃትም። ቆንስላ ብትሄድ «በሕገወጥ መንገድ ነው የመጣሽው» ትባላለች። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ይፋ ያደረገው ምርመራ የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ድረስ በየመን በኩል ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ያስረዳል፤ ሳውዲ ክሱን አልተቀበለችውም። ያ በረሃ ላይ የቀሩት ሰዎች አብዛኞቹ ሊሠሩ የሄዱ ነበሩ።

«እያወቁ ነው የሚሄዱት» የሚለውን አነጋገር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አዎ፣ ብዙዎቹ ያውቃሉ። የጎረቤት ልጅ ሬሳ ሲመጣ አልቅሰዋል፤ የሌላዋ ጎረቤት ልጅ ደግሞ ቤት ስትሠራ አይተዋል። ሁለቱንም አይተው፣ ወንድም ከትምህርት እንዳይቀር፣ እናት መድኃኒት እንዲገዙ ብለው ይሄዳሉ። ይህን ውሳኔ እንደ ሞኝነት መቁጠር በልጅቷ ላይ ሁለተኛ በደል ነው።

እሑድ ቀን የተገነባ ትግል

በቤይሩት የተደራጁት ሴቶች የጀመሩት እሑድ ከቤት መውጣት ከሚፈቀድላቸው ጥቂቶች ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ዶራ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና የፀጉር ቤቶች፣ በ2011 በተከፈተው የስደተኞች ማኅበረሰብ ማዕከል። ከዚያ የሜይ ዴይ ሰልፍ መጣ። የሥራ ቀን መውጣት ስለማይችሉ ለሠራተኞች ቀን በሚቀርበው እሑድ የኢትዮጵያ፣ የፊሊፒንስ፣ የኔፓል፣ የስሪላንካ፣ የካሜሩን ሴቶች ባነር ይዘው በቤይሩት ጎዳና መውጣት ልማድ ሆነ።

በጥር 2015 ከዚህ የደፈረ ነገር አደረጉ። 350 ያህል የቤት ሠራተኞች ቤይሩት ውስጥ ተሰብስበው፣ በአንድ የሊባኖስ የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን ጥላ ሥር፣ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። የሥራ ሚኒስትሩ ማኅበሩን ሕገወጥ ብሎ ዕውቅና ከለከለው፤ የሊባኖስ ሕግ የውጭ ዜጋ በማኅበር ውስጥ እንዲመርጥም ሆነ እንዲመረጥ አይፈቅድም። በ2016 መጨረሻ ደግሞ ከአስተባባሪዎቹ አንዷ የሆነች ኔፓላዊት ተይዛ ከአገር ተባረረች። መልእክቱ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ሴቶቹ ግን መሰብሰባቸውን አላቆሙም።

በ2017 የተመሠረተው «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው ማኅበር ከዚህ መንፈስ የወጣ ነው። ያቋቋሙት ራሳቸው የቤት ሠራተኛ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ናቸው፤ ከመሥራቾቹ ባንቺ ይመር በአደባባይ ከሚታወቁት ድምፆች አንዷ ሆናለች። ሥራቸው መግለጫ ማውጣት ብቻ አልነበረም። የታመመችውን ማሳከም፣ ከቤት የወጣችውን ማስጠለል፣ የሞተችውን አስከሬን ለቤተሰቧ ማድረስ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ መጠየቅ። በአጭሩ ቆንስላ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ይሠሩ ነበር።

ማኅበሩ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የታየው በ2020 ነው። ከ1997 ጀምሮ በአንድ ዶላር 1507 ተኩል ላይ ተተክሎ የኖረው የሊባኖስ ሊራ ተናደ፤ ባንኮች የሰውን ዶላር ዘጉ። አሠሪዎች መጀመሪያ በዶላር መክፈል አቆሙ፣ ከዚያ በሊራ፣ ከዚያ ጨርሶ። ለአንዲት ሠራተኛ ይህ ማለት ለወራት ለፍታ ወደ ወሎ ወይም ወደ አርሲ የምትልከው ነገር ማጣት ነው። ኮሮናው ሲመጣ አውሮፕላንም ቆመ። በግንቦትና በሰኔ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው ሐዝሚዬ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ከነሻንጣቸው፣ አንዳንዶቹንም ያለ ሻንጣ፣ እያወረዱ ሄዱ። ቁጥራቸው ከመቶ አለፈ። ብዙዎቹ ፓስፖርት አልነበራቸውም፤ የወራት ደመወዝ ቀርቶባቸዋል። ጎዳና ላይ ያደሩ ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ለዓመታት በሩ የተቆለፈባት «ከከፊልሽ ቤት ብትወጪ ወንጀለኛ ነሽ» እየተባለች ነበር። ገንዘብ ሲያልቅ ያንኑ በር ከፍቶ አውጥቶ የጣላት ከፊል ግን አልተከሰሰም። የስፖንሰርነት ኃላፊነት የሚባለው ነገር ሁልጊዜም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራ ገመድ እንደነበር በዚያ በር ላይ ታየ።

በነሐሴ 4 የቤይሩት ወደብ ፈነዳ፤ ከሟቾቹና ከቆሰሉት መካከል የውጭ አገር ሠራተኞችም ነበሩ። በዚያው ቀውስ መካከል ግን ተስፋ የሚሰጥ ነገር ብልጭ ብሎ ነበር። በመስከረም 2020 የሥራ ሚኒስትሯ ላሚያ ያሚን አዲስ ወጥ ውል አጸደቁ። በሳምንት 48 የሥራ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍት፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የሕመም ፈቃድ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሠራተኛዋ የአሠሪዋን ፈቃድ ሳትጠይቅ፣ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥታ ውሉን ማቋረጥ ትችላለች የሚል አንቀጽ ነበረው። ይህ አንድ አንቀጽ የከፋላን ወገብ የሚሰብር ነው።

የኤጀንሲ ባለቤቶች ማኅበር ወዲያው ከሰሰ። በጥቅምት 2020 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት የውሉን ተፈጻሚነት አገደ። ፍርድ ቤቱ የመዘነው በኤጀንሲዎቹ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ነበር፤ የሩብ ሚሊዮን ሴቶች ጉዳት በሚዛኑ ላይ አልወጣም። የሚከራከርላቸው ዕውቅና ያለው ማኅበር ቢኖራቸው ኖሮ ቢያንስ ይሰሙ ነበር። በ2015 ማኅበሩ ለምን እንደተከለከለ ማወቅ የፈለገ ሰው መልሱን እዚህ ያገኘዋል።

በዚያው ወር ሌላ በር ተንኳኳ። አንዲት ኢትዮጵያዊት፣ በአሠሪዋ ቤት ለዓመታት ያለ ደመወዝ ተዘግቶብኝ ሠርቻለሁ በማለት፣ በዓለም አቀፍ ጠበቆች ታግዛ በአሠሪዋና ባመጣት ኤጀንሲ ላይ የወንጀል ክስ አቀረበች። ክሱ የደመወዝ ክርክር አልነበረም፤ ባርነትና የባሪያ ንግድ የሚል ነበር። በሊባኖስ የቤት ሠራተኛ በዚህ ወንጀል ስትከስ የመጀመሪያው ነው። አሠሪዋ ክሱን አስተባብላለች። ጉዳዩ በ2022 መጀመሪያ ችሎት ፊት ቀረበ። የፍርዱ ነገር ምንም ይሁን፣ ተከሳሽ መሆን የለመደች ሠራተኛ ከሳሽ ሆና መቆሟ በራሱ ብዙ ሴቶችን ቀና አድርጓል።

በመስከረም 2024 የእስራኤል ቦምብ ደቡብ ሊባኖስንና የቤይሩትን ደቡባዊ ሰፈሮች ሲመታ ታሪኩ ተደገመ። አሠሪዎች ሲሸሹ ሠራተኞቻቸውን ጥለው፣ አንዳንዶቹም ቆልፈውባቸው ሄዱ። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት መጠለያዎች ለሊባኖሳውያን ናቸው ተብለው የተመለሱ ብዙዎች ባሕር ዳር አደሩ። አሽራፊዬ ያለው የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በሩን ከፈተ። ምግብ አብስለው፣ ቤት ተከራይተው፣ ፍራሽ አንጥፈው ወገኖቻቸውን የተቀበሉት ግን በአብዛኛው እነዚያው የእሑድ ሴቶች ናቸው።

ከቤይሩት ውጭ ሕጎች እየተሻሻሉ መሆኑ አይካድም። ኩዌት በ2015፣ ኳታር በ2017 ለቤት ሠራተኞች የሳምንት ዕረፍትና የሥራ ሰዓት ገደብ የሚሰጡ ሕጎች አውጥተዋል፤ ኳታር በ2020 ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ መቀየርን ፈቅዳለች። ሳውዲ በ2021 ያደረገችው ማሻሻያ ግን የቤት ሠራተኞችን ትቶ አልፏል። ከሕጎቹ ሁሉ በላይ የሚያስተምረኝ የ2018ቱ የኩዌትና የፊሊፒንስ ጉዳይ ነው። የአንዲት ፊሊፒናዊት አስከሬን በማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገኝ ማኒላ ሠራተኛ መላክ አቆመች፤ በእገዳው ብቻ አላበቃችም፣ ተደራደረችበት። በግንቦት ወር የተፈረመው ስምምነት ሠራተኛዋ ስልኳን እንድትይዝ፣ ፓስፖርቷ በአሠሪ እንዳይወሰድ፣ የሳምንት ዕረፍት እንድታገኝ ያስገድዳል። የእኛ እገዳ አምስት ዓመት ቆየ። ሲነሣ ይህን የሚያህል ነገር ይዞ አልመጣም። ከሳውዲ ጋር ባለው ስምምነት የኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ደመወዝ 1000 ሪያል እንደሆነ ሲነገር ቆይቷል፤ ፊሊፒንስ በ2006 የወሰነችው 400 ዶላር ግን 1500 ሪያል ነው።

በራሳችን ቤት ያለው ሕግ

ሊባኖስን ስንወቅስ የራሳችንንም ሕግ ማንበብ ይገባል። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን በቀጥታ አይሸፍንም፤ የእሷን ነገር የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን አሳልፎታል። ከዚያ ውጭ ያላት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ያሉ ጥቂት አንቀጾች ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ማድ ቤት እየተኛች፣ የሥራ ሰዓቷ ሳይቆጠር፣ ደላላ ያስገባት የገጠር ልጅ በሕግ ፊት ያላት ቦታ ከቤይሩቷ እህቷ ብዙም አይርቅም። ብዙዎቹ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱትም ከዚሁ ሥራ ተነሥተው ነው። የቤት ሥራ ሥራ መሆኑን እኛ በሕጋችን ሳንቀበል ቤይሩት እንድትቀበል መጠየቅ ድምፃችንን ያሰልለዋል። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2011 ያጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 የሚለው ዋና ነገርም ይኸው ነው፤ የቤት ሠራተኛ እንደማንኛውም ሠራተኛ ናት።

በእጃችን ያለ፣ ግን ብዙም ያልተጠቀምንበት መሣሪያ አለ። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ፣ የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የልደት ማስረጃ ያሉትን ነው። «ለቪዛ» ተብሎ ከእሷ ወይም ከቤተሰቧ የተጠየቀ ብር ሕጉን የጣሰ ነው። አዋጁ ኤጀንሲው ዋስትና እንዲያስይዝ ያዛል፤ ውሉ ቢጣስም ኤጀንሲውንና የውጭ አሠሪውን በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ያደርጋል። የቤይሩቷ ወይም የሪያዷ ማዳም አትገኝ ይሆናል። ቦሌ ወይም መገናኛ ቢሮ ከፍቶ የሚሠራው ኤጀንሲ ግን አድራሻው ይታወቃል፤ ያልተከፈለ የሁለት ዓመት ደመወዝ ከእሱ ሊጠየቅ ይችላል።

ይህ እንዲሠራ ግን ወረቀት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ውል ቅጂ፣ የፓስፖርቱና የቪዛው ፎቶ፣ የኤጀንሲው ስምና የተከፈለው ገንዘብ ደረሰኝ ልጅቷ ከመሄዷ በፊት በቤተሰቧ እጅ መቅረት አለበት፤ አሠሪዋ ቤት ስትደርስ ሻንጣዋ ሊወሰድ ይችላልና። ደመወዝ የተላከባቸውንና ያልተላከባቸውን ወራት ቤተሰብ ከመጀመሪያው ቢመዘግብ፣ እሷ ስትመለስ ክሷን የምትጀምረው ከባዶ አይሆንም። ጉዳይዋን በነፃ የሚይዙላት ጠበቆችና የሕግ ትምህርት ቤቶች የነፃ ድጋፍ ማዕከላት በየከተማው አሉ። «እኛ ለእኛ በስደት» ቤይሩት ላይ የሠራውን ሥራ እዚህ ከተመላሾቹ ጋር የሚሠራ፣ በተመላሾቹ የሚመራ ማኅበር ቢኖር፣ እነዚህ ፋይሎች አንድ በአንድ ወደ ችሎት ይሄዱ ነበር።